ድምፁ የጠፋው ቫን

በልጅነቴ የኖርንበት የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት፣ የፓርኪንጉ መግቢያ ላይ አንድ ስፒድ ባምፕ ነበረው። ሌላው መኪና ዝም ብሎ ወጥቶበት ዝም ብሎ ይወርዳል። የጋሼ መርዕድ ቫን ግን ሲወጣ "ኳ"፣ ሲወርድ "ኳ ኳ" ይል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከልጄ ከዲና ጋር አንድ ክፍል ተቀምጬ ስለሆነ፣ ያን ድምፅ እንዴት እንደሚጽፉት እርግጠኛ አይደለሁም። ባዶ በርሜል ውስጥ መዶሻ ሲወድቅ የሰማ ሰው ግን የቱን ድምፅ እንደምል ያውቃል።

እኔ ድምፁን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሼ መርዕድ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ሲመጣ ከኪሱ ማስቲካ አይጠፋም። እናቴ ግን ያን ኳኳታ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ነገር ታስቀምጥ ነበር፤ ሳህን ከሆነ ሳህኑን፣ ማበጠሪያ ከሆነ ማበጠሪያውን። ከዚያ ሰዓት ታያለች። ቀትር ወይም አመሻሽ ከሆነ እፎይ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ንጋት ከሆነ ግን መስኮቱ ጋ ሄዳ፣ ቫኑ የማን ደጅ እንደሚቆም እስክታይ ድረስ አትንቀሳቀስም።

ያኔ እናቴ ጋሼ መርዕድን የማትወደው ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። ጋሼ መርዕድ አንደበቱ ለስላሳ ነው፣ ቫኑ ደግሞ ብዙ ሰው ይይዛል። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚህ ላለው ለሐዘኑ ባለቤት ሳይሆን ለወዳጆቹ ነው። እነሱ አፋቸውን ይዘው ይቆያሉ። ሥራ የማይገባበትን ቀን ይመርጡለትና፣ ተሰባስበው፣ ገና ከአልጋው ሳይወርድ ቤቱ ሄደው ያረዱታል። ከሀያትስቪል እስከ ጀርመንታውን ድረስ እነዚያን ሽማግሌዎች የሚያደርሰው የጋሼ መርዕድ ቫን ነበር። እያደር ሰው ቫኑን በድምፁ አወቀው። በር ሳይንኳኳ ለቅሶ ይጀመር ጀመር።

አንድ ዓመት ሀያትስቪል አንዲት ሴት ንጋት ላይ ኳኳታውን ሰማች። እናቷ አገር ቤት ታማ ስለነበር፣ በካልሲ ብቻ እየሮጠች ስትወርድ ደረጃው ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። መርዶው ግን የሷ አልነበረም፤ ከሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሊያረዱ ሄደው አምቡላንስ ጠርተው ተመለሱ። ይህን የሰሙት እትዬ የሻሽወርቅ፣ እኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩት ትልቅ ሰው፣ ጋሼ መርዕድን አስጠርተው፣ ሞት እንኳ ተደብቆ ነው የሚመጣው፣ ያንተ መኪና ግን ከበሮ እየመታ ነው፣ ዝም አሰኝልን አሉት። እሱም እሺ ብሎ ሳያሠራው ቆየ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ቤት ነበር። አባቴ ፍቅረማርያም ታክሲ ነጂ ስለነበር በዚያ ሰዓት ቤት አይገኝም። ጋሼ መርዕድና እትዬ የሻሽወርቅም አብረውት ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ እስከ ጥግ ይጮሃል፣ ማንም ግን አያየውም። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ምንጣፉን ይመለከታል። ቅጣት የተጻፈበት መሰለኝ። እትዬ የሻሽወርቅ ሲሪያል በወተት ሰጥተውኝ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጡኝና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ።

ቴሌቪዥኑን አላየሁም። ጆሮዬ እነሱ ጋ ነበር።

እናቴ እሁድ ሥራ እንደሌላት አባቴ ተናገረ። እንግዲያው እሁድ ይሁን አሉ እትዬ የሻሽወርቅ። መኪኖቹ ሁሉ ከሕንፃው ጀርባ ይቁሙ፤ ሰዉ መጀመሪያ እሳቸው ቤት ይሰብሰብ፤ ምግቡንም እሳቸው ያዘጋጃሉ። ጋሼ መርዕድ ቫኑን እንዲያስተካክል፣ አለበለዚያ ገና ከፓርኪንጉ መግቢያ ስትሰማቸው እንደምታውቅ ደጋግመው አስጠነቀቁት። በመጨረሻ አባቴ "ወንድሟን እኮ ነው" አለ። እትዬ የሻሽወርቅ በዓይናቸው ወደኔ አመለከቱት።

እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። በዚያው ወር ኮሎምቢያ ሃይትስ የጓደኛዬ የሳሌም ልደት ላይ ተጠርቼ ነበር። እዚያም መኪኖቹ ከጥግ ዞረው ነው የቆሙት። እዚያም ሰዉ መጀመሪያ ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ፣ ምግብ በድብቅ ገብቶ፣ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ነው የጠበቃት። በሩ ሲከፈት ሁላችንም ጮህን፣ ሳሌምም ከደስታ ብዛት አለቀሰች። ይህም እንደዚያው ነው። ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ታዴዎስ ሊመጣ መሆኑን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ኤምባሲው ለቪዛ ቀጥሮታል። እናቴ ለሱ ብላ የገዛችው ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት የዋጋው ወረቀት ሳይነሳለት ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ልኩን ስለማታውቅ አባቴን አልብሳ ነው የገዛችው። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ? ታዴ ሊመጣ ነው። እናቴ ሳታውቅ፣ እሁድ ጠዋት።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ጠራኝና የሰማሁትን ለእናቴ እንዳልነግር ለመነኝ።

"አይ ኖው፣ ዳዲ" አልኩት። "ሰርፕራይዝ ነው፣ አይደል?"

አባቴ ሄዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ "አዎ" አለኝ።

ያን "አዎ" ለብዙ ዓመት ይቅር አላልኩትም ነበር። አሁን ልጅ አለችኝ፤ ደክሞኝ፣ እውነቱን ብጀምረው የማልጨርሰው መስሎኝ፣ እኔም የማይሆን "አዎ" ብያት አውቃለሁ። ታዴ ታሞ ሳምንት ሳይሞላው አርፎ ነበር። አባቴ የሚያውቀው ከትንሽነቱ ነው፤ እናቴን ባጫት ጊዜ መልእክት የሚያመላልስላቸው እሱ ነበር። አባቴ ማልቀስ የማይችልበት ሳምንት ውስጥ ነበር የገባው። ከሷ ጋር መብላት፣ ከሷ ጋር መተኛት፣ ታዴ የትኛው ክፍል እንደሚያድር ስትጠይቀው መመለስ ነበረበት።

በማግስቱ ቫኑን መሥራት ጀመሩ። አባቴ መካኒክ አይደለም፤ ግን የታክሲ ሰው ስለሆነ ከመኪና ሆድ ስር መግባት ለምዷል። ችግሩ ስዌይ ባር የሚሉት ብረት ላይ ነበር። ከአንዱ የፊት ጎማ እስከ ሌላው የተጋደመ ወፍራም ብረት ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል ይይዘዋል። ብረቱን ከመኪናው ጋር የሚያስሩት ጎሚኒ የሚባሉ ሁለት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። እነሱ ሲያረጁ ቀዳዳቸው ይሰፋል፣ ብረቱም ውስጣቸው እየዘለለ ይመታል። አባቴ አሮጌዎቹን አውጥቶ አሳየኝ፤ እንደ አረጀ ማስቲካ ተሰነጣጥቀው ነበር። በምትካቸው ጠንካራ አዲስ ጎሚኒ ገባ።

ኳኳታው ጠፋ። ግን ቫኑ ስፒድ ባምፑ ላይ ሲወጣ አሁን ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ፤ እንደ አሮጌ የሽቦ አልጋ። እትዬ የሻሽወርቅ በመስኮት ብቅ ብለው ይሄማ ነውር ጨመረበት አሉ። ጋሼ መርዕድ በዚህም ሳቀ፤ ድሮ መዶሻ ነበርኩ፣ ዛሬ አልጋ ሆንኩ አለ። አባቴ አልሳቀም። ቅዳሜ እንደገና ይፈታል ብሎ እጁን ጠረገ።

ቅዳሜ ጠዋት ቫኑ ክሪክ ላይ ወጥቶ ነበር። አባቴ ጎሚኒዎቹን አውጥቶ በመጋዝ ምላጭ ውስጣቸውን ይቦረቡራል፤ ግራሶ የሚይዙ ቀጫጭን ቦዮች እየሠራላቸው ነው። ጋሼ መርዕድ ብረቱን በአሸዋ ወረቀት ይፈትጋል። ዝገቱ ካልጠፋ አዲሱንም ይበላዋል ተባብለዋል። ከዚያ ብረቱ ላይ ነጭ የቧንቧ ቴፕ ጠቀለሉበት። እኔ ሳሩ ላይ ተቀምጬ ምስጢሬን እጠብቃለሁ።

እናቴ ውብነሽ በቴርሞስ ሻይና ዳቦ ይዛ ወረደች። በዚያ ሳምንት ደስ ብሏት ነበር። የምትሠራበት የሆቴል ላውንደሪ ታዴ ሲመጣ እንድታርፍ ፈቅዶላታል።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጥድፊያ?" አለች። "ደግሞ ማንን ልታስለቅሱ ነው?"

ጋሼ መርዕድ የአሸዋ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ከቫኑ ስር የአባቴ እግር ብቻ ይታያል።

"ኢንስፔክሽን አለበት" አለ አባቴ ከስር።

"እሰይ፣ ዝም አሰኙት። እኔማ በዚህ ቫን ምክንያት አንድ ቀን ልቤ ይቆማል። ይልቅ ታዴን ከኤርፖርት የምናመጣው በዚህ ነው፣ መርዕድ፤ ሰው ሁሉ ሊቀበለው ይፈልጋልና በኔ መኪና አይሆንም።"

"እሺ፣ ውቤ" አለ ጋሼ መርዕድ። እኔን አላየኝም። እኔ ግን አየሁትና፣ ምስጢሩን እንደማውቅ ለመንገር ዓይኔን ጠቀስኩት። ፊቱን አዞረ።

አባቴ ጎሚኒው ከማሰሪያው ብረት ጋር እንዲጠብቅ ከጀርባው ስስ ላስቲክ ያስፈልጋል ብሎ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ ቤት ወጥታ ያጠረኝን ቢጫ የዝናብ ቦቲ ይዛ መጣች። ይሄ ይሆናል? አለች። አባቴ እጁን ከቫኑ ስር አውጥቶ ተቀበላት። ገምባሌውን በመቀስ የቆረጠችለት ራሷ ናት። ሁለት ቢጫ ቁራጭ። ቦቲዬ ለታዴ ሰርፕራይዝ በመዋሉ ኮራሁ።

አባቴ ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር፤ እንባው በግራሶው መካከል መንገድ ሠርቷል። ዝገት ገባብኝ አለ። እናቴ ቴርሞሱን መሬት ላይ አስቀምጣ አገጩን በእጇ ያዘች። በሻሿ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። ከዚያ የዓይኑን ቆብ በሁለት ጣቷ ከፍታ፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ አድርጋ "እፍ" አለችበት። እንደገና "እፍ" አለች።

"ወጣልህ?"

"ወጣ" አለ አባቴ። ግን እንባው አልቆመም ነበር።

ቫኑን ሲፈትኑት እናቴ ጨዋታ አመጣች። ጀርባዋን ለፓርኪንጉ ሰጥታ፣ ዓይኗን በሁለት እጇ ሸፍና ቆመች። እንዲነዳው፣ ስፒድ ባምፑ ላይ ሲወጣ በጆሮዋ ብቻ ለይታ እንደምትናገር ለጋሼ መርዕድ ነገረችው። ቫኑ ሄደ። ወጣ። ወረደ። የሞተሩ ድምፅ ከመንገዱ መኪኖች ጋር ተቀላቅሎ ነበር። አልፎን፣ ዞሮ፣ ቆመ።

"ሂድ እንጂ!" አለች እናቴ ዓይኗን እንደሸፈነች። "ምን ትጠብቃለህ?"

ሳቅሁ። ጋሼ መርዕድ በመስኮቱ ሆኖ ሳቀ፣ ወይም ጥርሱን አሳየ። እናቴ ዞራ ቫኑን ከጀርባዋ ስታየው እስክታጎነብስ ድረስ ሳቀች። "እንዲህ ከሆነማ" አለች "ከእንግዲህ እንተኛለን።"

የዚያን ቀን አመሻሽ የስልክ ካርድ ፍቃ ጎንደር ደወለች። የሚያነሳ የለም። እንደገና ደወለች። ታላቅ ወንድሟ አበጀ ቤትም እንደዚያው። አባቴ መስመሩ ተበላሽቷል መባሉን ሰምቻለሁ አላት። ካርዱን ለነገ ብላ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠችው። እኔ እየሳቅሁ ትራስ ውስጥ ገባሁ። አያነሳም፤ አውሮፕላን ላይ ነው ብዬ።

እሁድ ንጋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። የፋሲካ ቀሚሴን ለበስኩ። ቁምሳጥኑን ከፍቼ ካፖርቱን ከነማንጠልጠያው አወረድኩ። ከኔ ይረዝም ስለነበር መሬት እየጎተተ ነበር። ከአውሮፕላን ሲወርድ ይበርደዋል፣ የምሰጠው እኔ ነኝ ብዬ ነው።

አባቴ ጨለማው ውስጥ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ለባብሶ ተቀምጧል። ካፖርቱን ሲያይ ብድግ አለ። አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ምን ሊለኝ እንደነበር ጠይቄው አላውቅም፤ ምክንያቱም በዚያው ቅጽበት በሩ በጣት ጫፍ ተንኳኳ። ከመስኮቱ ስር ምንም ድምፅ አልተሰማም ነበር። ስፒድ ባምፑ የሌለ ያህል።

እናቴ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። ባዶ እግሯን ናት። ፀጉሯ ተፈትቷል፣ የጥርስ ብሩሹ ጉንጯ ውስጥ ነው። አባቴ በሩን ከፈተ።

እኔ ካፖርቱን ከፍ አድርጌ "ሰርፕራይዝ!" ብዬ ጮህኩ።

እናቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ከዚያ በሩን አየች። እትዬ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ጋሼ መርዕድና ወንዶቹ፣ ደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ። ማንም አይስቅም። እኔ በመካከላቸው ታዴን እፈልጋለሁ።

"ውብነሽ፣ ልጄ፣ እስቲ ተቀመጪ" አሉ እትዬ የሻሽወርቅ።

እናቴ አልተቀመጠችም። ዓይኗ ከነጠላዎቹ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደኔ ተመለሰ። ከዚያ ካፖርቱን አየች። ብሩሹ ከአፏ ወደቀ። ጋሼ መርዕድ ያን ለስላሳ አንደበቱን ሳይከፍት፣ ስም ሳይጠራ፣ ነገሩ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጩኸት አልጽፈውም። ሴቶቹ ያዟት። አንዷ ካፖርቱን ከእጄ ወሰደችው። ቤቱ ሞላ፣ ወንበር መጣ፣ ምግብ መጣ። እኔ በጀርባ በኩል ያለው መስኮት ላይ ወጥቼ ቫኑን ስመለከት ዋልኩ። ሁሉም እንዲህ የሚያለቅሱት ታዴ ስለዘገየ ነው፤ ቫኑ ውስጥ ተደብቋል፣ ይወርዳል ብዬ። የሳሌም ልደት ላይም መጀመሪያ ለቅሶ ነበር፣ ኬኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስኪመሽ ጠበቅሁት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ እናቴ አባቴን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። መቼ ሰማህ? አለችው። ነገራት። ከዚያ ዓይኑን፣ "እፍ" ያለችበትን ዓይኑን፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። አልተጣሉም። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ መጥቶ ከመግባቱ በፊት ደረጃው ላይ ሲያስል እሰማ ነበር፤ ጉንፋን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ወደሷ ሳይሰማ መቅረብ የፈራ ሰው ነበር።

እኔም ለብዙ ዓመት የመሰለኝ ቫኑን ዝም ማሰኘታቸው ደግነት እንደነበር ነው። እናቴ ራሷ አይደለች ዝም አሰኙት ያለችው? አባቴ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ከክሊኒክ ስመልሳት፣ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች።

"ያ ቫን እንደ ድሮው ቢጮህ ኖሮ፣ ከፓርኪንጉ እስከ በሬ ያለችው ጊዜ የኔ ነበረች" አለች። "ጫማዬን አደርግ ነበር። ብቻዬን አንድ ጊዜ 'ወንድሜን' እል ነበር። አዝነውልኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የሰማሁት።"

ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

ባለፈው ፀደይ የአበጀ ልጅ ከጎንደር ኮል አደረገኝ። አበጀ ለእናቴ በሕይወት የቀረላት የመጨረሻው ወንድም ነበር። ሥራ ቦታዬ ሆኜ ነው ማረፉን የሰማሁት፤ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፌ። ዛሬ መርዶ በስልክ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ማንም ፎቶ እንዳይለጥፍ፣ ማንም ለእናቴ እንዳይደውል ለመንኳቸው። ፈራሁ። እኔ ሁሌም እፈራለሁ፤ ያን ሳምንት ግን ስልኳ በጮኸ ቁጥር እዚህ አሌክሳንድሪያ ሆኜ የምሰማው ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ዲና ነገሩን ከፊቴ አነበበችው። ለአያቷ እየዋሸን ነው ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። አጠገቤ አስቀምጬ ነገርኳት። የአያትሽ ወንድም አበጀ ሞቷል፤ እሁድ ሄደን ለአያትሽ እንነግራታለን፤ እስከዚያ ዝም ማለታችን እንዳትወድቅብን ነው አልኳት። ሰርፕራይዝ የሚለውን ቃል አልተጠቀምኩም። አለቀሰች። ማልቀሷ ደስ አይልም፤ ግን የሚለቀስበትን ነገር አውቃ ነው ያለቀሰችው።

መኪናዬ ከክረምት ጀምሮ ፊቱ ይንኳኳ ነበር። መካኒኩ የስዌይ ባር ጎሚኒ ነው፣ አልቋል ብሎኝ ለዓርብ ቀጥሮኝ ነበር። ሐሙስ ደውዬ ቀጠሮውን ካንስል አደረግሁት።

እሁድ ሳይነጋ ጋሼ መርዕድን ከቤቱ አነሳሁት። አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ቫኑም ከተሸጠ ቆይቷል። እትዬ የሻሽወርቅ የሉም። ሌሎቹ ዘመዶች በሁለት መኪና ተከተሉን። ገና ከሰፈሩ ሳንወጣ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ከስራችን "ኳ" አለ። ጋሼ መርዕድ አንገቱን ቀና አደረገ።

"ቤዚ፣ ጎሚኒሽ አልቋል እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"አታሠሪውም እንዴ?"

"ሰኞ አሠራዋለሁ።"

ድልድዩን አልፈን ሜሪላንድ ገባን። ከዚያ ከዘራውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ መንገዱን እያየ፣ ቢጫ ቦቲ ነበረሽ አለኝ። አዎ አልኩት።

እናቴ ዛሬም ያው ሕንፃ ውስጥ ናት። ስፒድ ባምፑም አለ፤ ቢጫ ቀለም ቀብተውታል። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው። የዚያን ቀን አልቀነስኩም። ሲወጣ "ኳ" አለ፣ ሲወርድ "ኳ ኳ" አለ። ሕንፃው ጸጥ ያለ ስለነበር ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ሞተሩን አጠፋሁ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ እናቴ ቤት፣ መብራት በራ።

ጋሼ መርዕድ በሩን ሊከፍት እጁን ሰደደ። ክንዱን ያዝኩት። "ትንሽ እንቆይ" አልኩት። ከኋላችን ያሉትም መብራታቸውን አጥፍተው ጠበቁ። መጋረጃው አንዴ ተነቃነቀ፣ ከዚያ ተመለሰ። ሌላ መብራት በራ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልታየም፤ እኔም ቀና ብዬ ማየቱን ተውኩ። ያ ጊዜ የሷ ነበር።

ደረጃውን በዝግታ ወጣን፣ በከዘራው ልክ። ሳናንኳኳ በሩ ተከፍቶ አገኘነው። እናቴ መግቢያው ላይ ቆማለች። ጫማዋን አድርጋለች። ፀጉሯ ተሰብስቧል፣ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ዓይኗ አልቅሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቋል።

አንድ በአንድ ተመለከተችን። መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ስትደርስ እጇን ዘረጋችልኝ።

"ሰማኋችሁ" አለችኝ።